የአባቴን ቤልጅግ ላተረፉልኝ የሞጣው ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሞጣ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የጠመንጃ ባለሙያ የዋሉልኝን ውለታ በዝምታ ማለፍ ስላልሆነልኝ ነው። በቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ጠመንጃ ያላችሁ የጎጃም ልጆች ሁሉ፣ ሌላ ሰው እጁን ከማስገባቱ በፊት እኒህን አባት እንድታገኟቸው ከልቤ አሳስባለሁ።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው። አያቴ በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት የታጠቁት፣ ደብረ ማርቆስ በመጋቢት 1933 ነጻ ስትወጣም በትከሻቸው የነበረ ነው። ከእርሳቸው ለአባቴ፣ ከአባቴ ደግሞ ለእኔ ደረሰ። አባቴ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከግድግዳው አውርዶ በአሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ይወለውለው ነበር፤ በለቅሶ ወይም በሰርግ ከተተኮሰበት ደግሞ ማታውኑ ቁጭ ብሎ፣ «የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አምጪልኝ» ይለኛል። ብረት በውኃ ይዝጋል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ስለነበርሁ ለምን ውኃ እንደሚያፈስበት ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሳልጠይቀውም ሞተ።

በተዝካሩ ዕለት ዘመዶቻችን ተኩሰውበት እንዲሁ ሰቀሉት። እኔም አቧራ እንዳይገባበት ብዬ አፈሙዙን በጨርቅ ወትፌ፣ በቆዳ ልባሱ ከትቼ ክረምቱን አሳለፍሁት። ስከፍተው በርሜሉ ውስጡ በዝገት ቀልቶ አገኘሁት።

መጀመሪያ የወሰድሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ሰውየው ብርጭቆ ወረቀት በብረት ዘንግ ጫፍ ጠቅልሎ፣ በአፈሙዙ በኩል እየሰደደ፣ ዘነዘና በሙቀጫ እንደሚወርድ ይገዘግዘው ጀመር። የብረቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «በዚህ ዓይነት አይጎዳም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች!» ብሎ አሳፈረኝ፤ ሒሳቡን ግን ሙሉ አድርጎ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ቤት ደግሞ ገና ሳያየው፣ ከእንግዲህ የሚወለወል አይደለምና ቀለም አስቀብተሽ ለጌጥ ስቀይው አለኝ። ያን ዕለት የአባቴን አደራ በገዛ እጄ ያጠፋሁ መስሎኝ መንገድ ላይ አለቀስሁ።

ስለ ሞጣው ባለሙያ የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ያደረሰኝም ባለቤቷ ነው። አዛውንቱ ጠመንጃውን እንደተቀበሉኝ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ከፈቱና የጥይት መጉረሻውን በዓይናቸው አይተው በጣታቸው ዳሰሱ። ጥይት እንደሌለው ነግሬያቸው ነበርና ቅር እንዳይለኝ፣ «ልጄ፣ ባዶ ነው የሚለውን ቃል ከወለደችኝ እናቴም አልቀበልምና እንዳትቀየሚኝ» አሉኝ። ከዚያ ከኋላ ያለውን መዝጊያ ብረት ሳብ አድርገው አወጡ፤ በክፍተቱም ነጭ ወረቀት ደግነው ብርሃኑ ወደ ውስጥ እንዲመለስ አደረጉና በአፈሙዙ በኩል እንዳይ ጠሩኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የበርሜሉን ሆድ አየሁ። ተጠማዝዘው የሚሄዱት ቦዮች፣ በመካከላቸው ያለው ዝገት፣ አፉ አጠገብም ብርጭቆ ወረቀቱ የተወው አዲስ ጭረት አንድ በአንድ ይታይ ነበር። አልገሠጹኝም፤ የቀደመውንም ሰው አላሙትም። «በጊዜ አምጥተሽዋል» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሥራቸውን ሁሉ ተረድቻለሁ ብዬ አልዋሽም። ዘንጋቸው የነሐስ ነው፤ የሚያስገቡትም ከኋላ በኩል ነው። ጥይት በመጨረሻ የሚለቀው የአፈሙዙን ከንፈር ስለሆነ፣ ዘንግ እየታከከ ያን ከንፈር በአንድ ወገን ከበላው ጥይቱ መንገዱን እንደሚስት ነገሩኝ። ዘንጉን ባወጡ ቁጥር በጨርቅ ይጠርጉታል፤ የተጣበቀበት ጉድፍ ተመልሶ ገብቶ እንዳይፍቅ ነው። ከትንሽ ጠርሙስ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ቀብተው ተዉትና ቡና ተፈላ፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ አልነኩትም። ኋላ ጨርቁ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ አረንጓዴው የጥይት መዳብ ነው አሉኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ማቆም ማወቃቸው ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ መውጣት ሲጀምር ዘንጉን አስቀመጡ። ውስጡ ላይ ዝገት የበላቸው ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ቀርተው ስለነበር፣ እነርሱም ይጥፉልኝ ብዬ ለመንኋቸው። «እነርሱን ላጥፋ ብዬ ብፍቅ ዝገቱ ያልበላውን እኔ በላሁት ማለት ነው፤ ይልቅ ባሉበት ይቅሩ፣ አንቺም አትዝኚ» አሉኝ። ሰው ገንዘቡን ሊከፍል እየለመነ፣ ይበቃል የሚል ባለሙያ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ የአባቴን ማንቆርቆሪያ ነገር ጠየቅኋቸው። የድሮ ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ከእርጥበቱም ዝገት ይወለዳል። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። የፈላ ሲሆን ደግሞ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል፤ ከዚያ በደንብ ተጠርጎ ስስ ዘይት ይቀባል። «አባትሽ አዋቂ ሰው ነበር» ሲሉኝ፣ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም። አፈሙዙን መወተፍና በቆዳ ልባስ ከትቶ ማክረም እርጥበት አምቆ እንደሚያዘገው የነገሩኝም በዚያው ነው፤ ያን ክረምት ሙሉ የበደልሁት እኔው ነበርሁ።

የጠየቁኝ ዋጋ መጀመሪያ ከከፈልሁት ያነሰ ነው። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ፤ በትርፉም ለአባቴ ጧፍ እንድገዛለት አዘዙኝ።

አያ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። እባካችሁ ሂዱ፣ ብርጭቆ ወረቀት ለያዘ ሰው አትስጡ። ስትሄዱም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጣችሁን ፈቃድ ያዙ፤ እርሳቸው ከጠመንጃው በፊት የሚያዩት ወረቀቱን ነው፤ እርሱ ከሌለ አይነኩትም።