ፋይቭ ኤል ወይስ ዲ ፎር ዲ? ኮሶዬ ዳገት ይፍረደን

ዘጠኝ ዓመት ፋይቭ ኤል በሚባለው አሮጌው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የምትሄድ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነዳሁ። ሲንግል ጋቢና ነበረች። ከጎንደር ዘይትና ሳሙና ጭኜ ዳባት እወጣለሁ፤ ስመለስ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይዤ ቅዳሜ ገበያ አራግፋለሁ። አሁን አዲሱ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ወዳላት ሃይሉክስ፣ ወደ 2.5ቷ ዲ ፎር ዲ፣ ከተሻገርኩ ዓመት ሞላኝ። «የቷ ትሻላለች?» የሚለኝ ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ሲሲ (የሞተሩ መጠን) አያታልላችሁ። ፋይቭ ኤል 2,986 ሲሲ ነው፣ ዲ ፎር ዲዋ 2,494። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አሮጌዋን ይመርጣል፤ እኔም ለዓመታት የተከራከርኩት በዚሁ ነው። ፋይቭ ኤል ግን ቱርቦ የለውም፤ የመሳብ ጉልበቱም 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የኔዋ ኢንተርኩለር (ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) ያላት፣ 144 የፈረስ ጉልበት የምታወጣዋ ስለሆነች 343 ትደርሳለች። ስትገዙ ይህን ጠይቁ። በዚያው 2.5 ሞተር 102 ፈረስ ብቻ ያላትም አለች፤ ሻጩ ሁለቱንም «ዲ ፎር ዲ ነች» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ደግሞ ያለነው ጎንደር ነው። ከተማችን ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ወለቃን አልፈን ወደ ኮሶዬ ስንወጣ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ዳገቱ ያን ያህል አይሰማውም። አሥር ኩንታል ጭኜ ፋይቭ ኤሏ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች የምትወጣውን፣ ዲ ፎር ዲዋ በሦስተኛ ትጨርሰዋለች።

ጉልበት ልጨምር ብዬ የሠራሁትን ጥፋትም ልናገር። ፋይቭ ኤሏን አንድ ጋራዥ አስገባሁ፤ ስሙን ልተወው። መካኒኩ «የናፍጣ ፓምፑን ከፈት ላድርግልህ፣ ትበራለች» አለኝ። የበረረው ጭሱ ነው። ለካ የጎደላት አየር እንጂ ናፍጣ አልነበረም። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስና ሙቀት ሆነ። በወሩ ኮሶዬ ላይ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጠለ። እስከ ማታ ድረስ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጬ ጎታች መኪና ጠበቅሁ። ፓምፑን አስመልሼ፣ አየር ማጣሪያውን ቀይሬ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ሳስፈትሽ የተሻለ ለውጥ አየሁ። ወጪውም ቀላል ነበር።

አሁን ደግሞ ጉልበቷ እንዲጨምር የዲ ፎር ዲዋን የሞተር ኮምፒውተር ልቀይርልህ የሚሉኝ አሉ። አልነካም። ትርፉ ጉልበት የሚበላውን ፍሪሲዮን ማን ሊከፍልልኝ ነው?

ታዲያ ዲ ፎር ዲዋም ነውር አላት። ቱርቦው እስኪነሳ ከቆመችበት ስትነሳ ትለግማለች። የበርሜል ናፍጣ ደግሞ ጠላቷ ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ ከገባባት ኢንጄክተሮቿ ናቸው የሚበላሹት፣ ዋጋቸውም ያስደነግጣል። ፋይቭ ኤል ያገኘችውን ጠጥታ ትሄዳለች፤ መለዋወጫዋም ከሚኒባሶቹ ጋር አንድ ስለሆነ የትም አይጠፋም።

አዲሷን 2.8 የሚጠይቀኝም አለ። ከ2020 ወዲህ ያለችው አውቶማቲኳ 204 ፈረስና 500 ኒውተን ሜትር አላት። አንዷ ዳገት ላይ መስኮቷን ዘግታ፣ ሹፌሩ ስልክ እያወራ አለፈችኝ። አቅም ላለው ይሁንለት፤ ለድንች ግን አትከፍልም።

ፋይቭ ኤሏን ገንዳ ውሃ ከተማ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ሸጥኩለት። ቆላ ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ መንገዱ ሜዳ፣ ናፍጣው የበርሜል። «እንዴት ነች?» ብዬ ስደውል «ምን ሆና ነው የሸጥካት?» ይለኛል።