አንድ መመሪያ ለሁሉም ወይስ ለየአገሩ?

አንዳንድ ኩባንያ የብዝኃነትና አካታችነት መመሪያውን፣ ማለትም ሠራተኛ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት እንዳይገለል የሚያዘውን ደንብ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ ለሁሉም ቅርንጫፍ ይልካል። ለአለቆች ይመቻል። ጣጣው ድንበር ሲሻገር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት የሠራተኞቹን ዘርና ፆታ ለመንግሥት ሲያሳውቅ ኖሯል፣ ያንኑ ቅጽ ፈረንሳይ ብታስሞላ ግን የዘር መረጃ መሰብሰብ በመርህ ደረጃ ክልክል ስለሆነ ከሕግ ጋር ትጋጫለህ።

ለየአገሩ ማስተካከል ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። ሰበብም ይሆናል። «ባህሉ አይፈቅድም» ተብሎ ለዊልቸር መግቢያ የማይሠራው የት አገር ባህል ነው?

እንደዚያም ሆኖ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መድልዎና ትንኮሳ ግን የትም አይፈቀዱም። የአገሩ ሕግ ትንሽ ከሰጠም ጨምሩበት፦ የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ነው።