ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ፦ ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰው ልጠቁማችሁ

በስታቲስቲክስ ማስተርስ ለመማር ተቀባይነት አገኘሁ! ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ቀጥሎ ሒሳብ ያስጠኑኝ ጋሼ ጋ። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ማመልከቻ እናሟላለን የሚል ድርጅት ገንዘቤን ተቀበለኝ። ስለ ሒሳብ ኮርስ ግን አንድም ቃል አልነገረኝም። ዓመቱ እንዲሁ ባከነ። ጋሼ ትራንስክሪፕቴን ገና ሲያዩት፣ "ልጄ፣ መልቲቫሪያብል ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ የሉሽም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚያዩት እነሱን ነው" አሉኝ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማታ ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ላይብረሪ እየተገናኘን ያስጠኑኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ሠንጠረዥ ጻፉልኝ። በአንዱ ዓምድ የሰዎች ደሞዝ በብር፣ በሌላው ያው ደሞዝ በአንድ ምንዛሪ ወደ ዶላር ተቀይሮ። "በይ፣ ሪግሬሽን ሥሪበት" አሉኝ። ሪግሬሽን ማለት ከእነዚህ ዓምዶች ተነስቶ ሌላ ቁጥር መተንበይና የእያንዳንዱን ዓምድ ድርሻ ማስላት ነው። ብሞክር ብሞክር እምቢ አለኝ። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው፣ ማትሪክሱ ኢንቨርስ የለውም፤ ማለትም ስሌቱ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ዝም ብለው ጠበቁኝ። በኋላ ብልጭ አለልኝ። የዶላሩ ዓምድ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም፤ ያው ብሩ ነው። ታዲያ የብሩ ድርሻ ስንት፣ የዶላሩ ስንት ብሎ መለየት እንዴት ይቻላል? ይህ ሊኒየር ዲፔንደንስ ይባላል፤ ትርጓሜውን ሸምድጄ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የኖርማል ከርቭ ቀመር ውስጥ ፓይ ምን ይሠራል ብዬ ስጠይቃቸውም እንደዚያው ነበር። ከከርቩ ሥር ያለውን ስፋት የሚሰጠው ኢንተግራል በተለመደው መንገድ አይፈታም። ራሱን በራሱ አባዝተን፣ ከኤክስና ዋይ ወደ ራዲየስና ማዕዘን አዞርነው። ክቡ ወጣ፣ ፓይም አብሮ መጣ። ካልኩለስ ሦስት (ያው መልቲቫሪያብል ካልኩለስ) ለስታቲስቲክስ ለምን እንደሚጠየቅ ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።

ለዶክትሬት የምታመልክቱ ሪል አናሊሲስም (ካልኩለስን ከሥሩ በማረጋገጫ የሚያስተምረው ኮርስ) ያስፈልጋችኋል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ስለማይሰጠው የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መውሰድ ይሻላል። ጋሼ እሱንም ያስጠናሉ። እኔ መግቢያውን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ኤፕሲሎንና ዴልታ ላይ፣ ማለትም የሊሚት ትርጓሜ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ቆይተናል፣ አንዴም ሳይሰለቹኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰዓቱ አልፎም ቁጭ ብለው ሲያስረዱኝ፣ ለትርፉ ሰዓት ልክፈል ስል ሲቆጡኝ፣ ሁሉንም አልረሳውም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትሄዱ የሞከራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢሳሳትም ግድ የለም። ትምህርቱን የሚጀምሩት ከስህተታችሁ ነው።