ዳሽ ካም ለጎንደር መንገድ፦ የቱ ይበረክታል፣ ሲበላሽስ ማን ይቀበላል?

ዳሽ ካም (መኪና መስታወት ላይ ተገጥሞ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «4ኬ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጎንደር ላይ ግን ካሜራ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው በምስል ጥራት ማነስ አይደለም። ባትሪው ያብጣል፣ ሚሞሪ ካርዱ ይሞታል፣ ቻርጀሩ ይቃጠላል። ጋራንቲ ሲፈለግ ደግሞ ሻጩ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ፣ አምራቹ ሼንዠን ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ያወዳደርነው ምኑ ቀድሞ እንደሚበላሽ፣ ሲበላሽም እዚሁ መላ ይገኝለት እንደሆነ ነው።

ባትሪ ወይስ ሱፐርካፓሲተር?

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ጠይቁ። ሞተር ሲጠፋ ካሜራው የመጨረሻውን ፋይል ዘግቶ ለማስቀመጥ የጥቂት ሴኮንድ ኃይል ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ይህን ከትንሽ ሊቲየም ባትሪ፣ አንዳንዱ ከሱፐርካፓሲተር (ጥቂት ኃይል ለአጭር ጊዜ ከሚያጠራቅም፣ ባትሪ ካልሆነ ዕቃ) ያገኛል። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ያረጃል፣ ያብጣልም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ደህና ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ሥር ያለው ሙቀት ግን ሌላ ነው። ወደ መተማ የሚወርድ መኪና ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የውጭው አየር ራሱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋበታል።

ባትሪው ማርጀቱ የሚታወቀው ቁልፍ ሲዘጋ ካሜራው በዚያው ቅጽበት ድርግም ሲል፣ የመጨረሻው ፋይል አልከፈት ሲልና ሰዓቱ ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካው ቀን ሲመለስ ነው። ቀጥሎ የጀርባ ክዳኑ መጋጠሚያ ጥፍር እስኪያስገባ ይላቀቃል፣ ወይም ስክሪኑ ከዳር በኩል ብድግ ይላል። እዚህ የደረሰ ካሜራ ዳግም ቻርጅ አይደረግም፤ ከመኪናው ይውጣ። ሞባይል ጠጋኝ ባትሪውን ሊቀይርላችሁ ይችላል፤ ችግሩ ቦታው የሚበቃው ለዚያው መጠን ባትሪ ብቻ መሆኑ ነው። ወፍራም ባትሪ አስገድዶ መክተት እሳት መጥራት ነው።

ሱፐርካፓሲተር ሙቀት ይችላል፣ አያብጥም። ጉድለቱ ገመዱ እንደተነቀለ ካሜራው መጥፋቱ ነው፤ አደጋ ቦታ ላይ በእጅ ይዞ መቅረጽ አይቻልም። ለዚያስ ስልክ አለ።

ጎን ለጎን

ስም የሌላቸው ባለ ሦስት ሌንስ ካሜራዎች (ፊት፣ ውስጥ፣ ኋላ) በዋጋ ያሸንፋሉ። ካርቶኑ ላይ 4ኬ ቢጻፍም ብዙ ጊዜ ምስሉ ከትንሽ ሴንሰር ተለጥጦ የወጣ ነው። ለመፈተን አምስት ሜትር ላይ የቆመ መኪና ቀርጻችሁ ቪዲዮውን ስልክ ላይ አጉሉትና ታርጋውን አንብቡ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው ሊቲየም ነው፣ ሶፍትዌር ማደሻም የላቸውም። «የአንድ ዓመት ጋራንቲ» ቢባልም ከሱቁ ውጭ የሚቀበል የለም። ለወራት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይግዛቸው፤ ወደ ቆላ ለሚወርድ አንመክርም።

70ማይ ኤ500ኤስ በዋጋ መካከለኛ ነው፤ ምስሉ ጥሩ፣ ጂፒኤሱ አብሮት ያለ፣ መተግበሪያውም ቀላል። ኃይሉ ግን 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ ነው፤ ከተማ ውስጥ ለሚሠራና ጥላ ለሚያገኝ መኪና ይሆናል። ስትገዙ ዓለም አቀፉን ዓይነት ምረጡ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ድምፁና ሜኑው ቻይንኛ ሊሆን፣ መተግበሪያውም አልገናኝም ሊል ይችላል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከስልካችሁ ጋር አገናኙት፤ እንቢ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

ቪዮፎ ኤ119 ሚኒ 2 ምርጫችን ነው። ሱፐርካፓሲተር አለው፣ 1440ፒ ይቀርጻል፣ ሴንሰሩ የሶኒ ስታርቪስ 2 ስለሆነ ማታ ላይ ይሻላል፣ ኃይል የሚቀበለውም በታይፕ ሲ ነው። ገመዱ ቢበጠስ ከየትኛውም ስልክ ቤት ሌላ ይገኛል ማለት ነው። ትንሽ በመሆኑ ከመስታወቱ ጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ኬላ በበዛበት መንገድ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጋርሚን 67ደብሊው ሥራው ንጹሕ ነው፤ የእይታው ስፋት 180 ዲግሪ፣ ማያያዣው ማግኔት። ነገር ግን እሱም ሊቲየም ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። የአምራቹ ዋስትና አንድ ዓመት ሲሆን ዋጋ የሚኖረው መልሶ የሚልክላችሁ ሰው ውጭ አገር ካለ ነው። ከዘመድ በስጦታ ከመጣ ተቀበሉ፤ በራስ ገንዘብ ግን አያዋጣም።

ካርዱ

«ካሜራው ተበላሸ» ከሚባለው ብዙው የካርድ ጥፋት ነው። ተራ ካርድ ቀን ሙሉ እየተጻፈበት እየተደመሰሰ አይቆይም፤ ኢንዱራንስ የሚል ግዙ። በዚህም ውስጥ ልዩነት አለ፦ ሳንዲስክ ለ64 ጂቢ ሃይ ኢንዱራንስ 5,000 ሰዓት ሲል ለማክስ ኢንዱራንስ 30,000 ሰዓት ይላል፣ ሁለቱንም በፉል ኤችዲ ቀረጻ። 1440ፒ በ25 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 11 ጂቢ ገደማ ይበላል። ስለዚህ 64 ጂቢ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ 128 ጂቢ የዚያን እጥፍ ይይዛል። ከጎንደር ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ለሚሠራ ሰው 128ቱ ይሻላል። ሐሰተኛ ካርድ በሽ ነውና ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ኤች2ቴስትደብሊው (h2testw) በሚባለው ፕሮግራም አስፈትሹ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሙሉውን ቦታ ጽፎ አንብቦ እውነቱን ያወጣል። ከዚያ በየወሩ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉ።

የጎንደርን ሾፌር ለብቻው የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፦ የንዝረት ሴንሰሩ። ካሜራው መኪናው ሲናጥ ግጭት የደረሰ መስሎት ያንን ፋይል እንዳይደመሰስ ይቆልፈዋል። ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ ሴንሰሩ «ከፍተኛ» ላይ ከተተወ የተቆለፉ ፋይሎች ካርዱን ይሞሉና ቀረጻው ይቆማል። «ዝቅተኛ» ላይ አድርጉት፤ ኮረኮንች የሚበዛበት ከሆነ አጥፉት።

ኃይልና ገመድ

አይሱዙና ሌሎች ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ቻርጀሩ ላይ «12–24 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አትሰኩት። መኪናው ቆሞም እንዲቀርጽ ከፈለጋችሁ ባለ ሦስት ሽቦ ኪት ያስፈልጋል፦ አንዱ ቋሚ ኃይል፣ አንዱ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ አንዱ ቦዲ። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን በፊውዝ በኩል እንዲያወጣ እንጂ ገፍፎ በቴፕ እንዳይቀጥል ንገሩት፤ ገመዱንም በኤርባግ ላይ አያሳልፍ። የማቋረጫ ቮልቴጁን (የመኪናው ባትሪ እዚህ ሲወርድ ኪቱ ካሜራውን ያጠፋዋል) 12.2 ላይ፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነ 12.4 ላይ ያድርገው፤ አለዚያ ጠዋት መኪና መግፋት ይመጣል። በ24 ቮልት መኪና ቁጥሩ እጥፍ ነው።

ሰዓቱን ጂኤምቲ+3 ላይ ሙሉ። ካሜራው የሚያትመው በፈረንጆች ሰዓትና ቀን ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት 8፡00 ሆኖ ይወጣል። ለትራፊክ ፖሊስ ቪዲዮ ስታቀርቡ ይህን አስቀድማችሁ አስረዱ።

ስለ ጋራንቲ

ከሻጩ ጋር ቃሉን በጽሑፍ ጨርሱ፦ ዕቃው ከተበላሸ በስንት ቀን ይቀየራል፣ የሚቀየረው በአዲስ ነው ወይስ «ይላክና ይታያል» ነው፣ የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ስምና የካሜራው መለያ ቁጥር ይጻፍ። በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ የካርቶኑን ፎቶና ንግግሩን አታጥፉ።

ለአምራቹ በኢሜይል ስትጽፉ መልሱ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ መረጃ ስለሚጎድል ነው። ከመጀመሪያው መለያ ቁጥሩን፣ የሶፍትዌሩን ስሪት፣ የካርዱን ስምና መጠን፣ ከምን ቻርጀር እንደሚሠራና ችግሩን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አያይዙ። በሌላ ካርድና በሌላ ቻርጀር መሞከራችሁንም ጻፉ፤ አለዚያ የመጀመሪያው መልሳቸው ያንኑ ሞክሩ የሚል ይሆናል።

ባጃጅ ላይ ለሚገጥም፦ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መቀየሪያ ለብቻው ይገዛል፣ ዝናብና አቧራ የማይደርስበት ቦታም ይፈለግለታል። ካሜራው በመምጠጫ ጎማ ሳይሆን በ3ኤም ማጣበቂያ ይያዝ፤ መስታወቱ ቀድሞ በአልኮል ይወልወል።