ቀን ያልተጻፈበት የኑግ ዘይት

ለዐቢይ ጾም መግቢያ በሰፈራችን ካለ አንድ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ ቤት ባለ አንድ ሊትር ሁለት ጠርሙስ የኑግ ዘይት ገዝቼ አንድ ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ከሱቅ የተገዛ የፓልም ዘይትም ቤት ውስጥ ስለነበረ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ችያለሁ።

ልዩነታቸው ድስት ሳይጣድ በዓይን ይታያል። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ፓልሙ በጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ሲረጋ፣ ኑጉ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በቀላሉ የሚረጋው ሳቹሬትድ ቅባት ሲሆን፣ የኑግ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው፣ በቀላሉ የማይረጋው ፖሊአንሳቹሬትድ ቅባት ነው። የመጀመሪያው ሲበዛ በደም ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለውን፣ ለልብ የማይበጀውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ በሁለተኛው ሲተካ ግን ዝቅ ይላል። በዚህ ረገድ ቅቤያችንም ከፓልም አይሻልም፤ ይህን የምለው ያለ ንጥር ቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ የማይዋጥልኝ ሰው ሆኜ ነው።

ሻጩ «የእኛ ዘይት ኮሌስትሮል የለውም» እያለ ማሞገሱ ግን ገዢን ያሳስታል፤ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ፓልሙም ቢሆን የለውም። እንደ ልብ ይጨመርበት ማለቱንም አልቀበልም፤ የትኛውም ዘይት በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ነው።

በጣዕም በኩል ቅሬታ የለኝም። ቁሌቱ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ አረፋ ቢያወጣም ወዲያው ይሰክናል፣ የተቆላ ኑግ ጠረኑም ለሽሮ ተስማምቶታል። ከታች የሚቀረው ዝቃጭ ሳይረበሽ መቅዳት ነው እንጂ ሌላ ችግር አላየሁበትም።

ቅር ያሰኘኝ አያያዙ ነው። ጠርሙሶቹ ነጭ ላስቲክ ናቸው፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ መቼ እንደተጨመቁም አልተጻፈባቸውም። ለጤና የተመረጠው ይኸው ፖሊአንሳቹሬትድ ቅባት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ከሌሎቹ ፈጥኖ የሚበላሽ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዘይት የተጨመቀበትን ቀን አለመጻፍ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሁለተኛው ጠርሙስ በአራተኛው ሳምንት እንደ ግድግዳ ቀለም መሽተት ስለጀመረ ደፋሁት።

ባለቤቱን ሳነጋግራቸው የመደርደሪያውን ትቼ ሲጨመቅ ቆሜ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። አሁን ጥቁር ጠርሙሴን ይዤ እሄድና፣ ፋጉሎው ገና በትኩሱ ከማሽኑ እየወጣ፣ ግማሽ ሊትር ብቻ አስቀድቼ እመለሳለሁ።