«ታድሰዋል» የተባሉ የእርሳስ ፈረሰኞች ስትገዙ ሆዳቸውን ገልብጣችሁ እዩ

ጠረጴዛ ላይ ለሚደረግ ታሪካዊ የጦር ጨዋታ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ትንንሽ አሮጌ የፈረሰኛ ምስሎችን የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳትገቡ ብዬ ነው የምጽፈው። «ሙሉ በሙሉ ታድሰው አዲስ ቀለም የተቀቡ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና 24 ፈረሰኞች ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ የተዋጋውን ስኮትስ ግሬይስ የተባለ የብሪታንያ ፈረሰኛ ሬጅመንት የሚወክሉ ናቸው። ፎቶው ላይ ያብረቀርቃሉ። ሻጩም የጠየቅኩትን ሁሉ «ምንም ችግር የለባቸውም» እያለ ይመልስልኛል።

ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የፈረሶቹን ቀለም ነው። ግማሾቹ ዳማ ናቸው። ይህ ሬጅመንት ደግሞ የሚታወቀው በግራጫ ፈረሶቹ ነው። «ታሪኩን ጠብቄ ቀባሁ» ያለ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? ቀለሙም ከመወፈሩ የተነሳ ጋማውና ልጓሙ ተደፍኖ አንድ ሆኗል። የቀድሞው ቀለም ሳይለቅ ነው በላዩ ላይ የተደረበው።

እሱስ ይሁን፣ ቀለም ይነሳል። አንዱን ፈረስ ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ግን የኋላ እግሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱን አየሁት፤ ሱፐር ግሉ ብቻ ነው። የፈረስና የጋላቢ ክብደት በቀጫጭን እግሮች ላይ ሲያርፍ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይችለውም። እግሩ በቀጭን መሰርሰሪያ ተበስቶ የነሐስ ሽቦ ይገባበታል፣ ከዚያ በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ይጣበቃል። እድሳት ማለት ይሄ ነው።

ከሁሉም የባሰው ሆዱ ስር ነበር። ከኮርቻው ማሰሪያ አጠገብ ቀለሙ ትንሽ አብጧል። በስንጥር ነካ ሳደርገው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ፈሰሰ። እርሳሱ ከውስጥ እየተበላ ነው። እርሳስ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በተለይ እንደ ኦክ ካለ እንጨት የሚወጣ የአሴቲክ አሲድ ትነት ሲያገኘው፣ ከእርጥበትና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተደምሮ ወደ ሊድ ካርቦኔት ይለወጣል። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ጉዳቱን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም። ከ24ቱ 11ዱ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ሻጩ «መንገድ ላይ የተፈጠረ ነው» አለኝ። በጥቂት ቀን እንዲህ የሚቦረቦር ብረት የለም! ገንዘቤን አልመለሰልኝም።

ዱቄቱ መርዝ ነው። እፍ አትበሉት፣ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ ልጆች ወዳሉበት አታስጠጉት።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቀለሙ ከለቀቀ በኋላ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) ሳይነካው የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። በደንብ የሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል። የሆዱንና የእግሮቹን መሀል በቅርበት አስነሱ። እግሩ በምን እንደተያያዘም ጠይቁ፤ «ማጣበቂያ» ብቻ ካላችሁ ተዉት። ቁመቱንም አስለኩ፤ የድሮው የ25 ሚሊ ሜትር ምስል ከዛሬው የ28 ሚሊ ሜትር ምስል ጎን ሲቆም ያንሳል። እንደ እኔ ከሆነ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ፈረሰኛ ይሻላል። ቢያንስ ብረቱ ይታያል፣ የምትገዙትን ታውቃላችሁ።

«ታድሷል» ተብሎ የገዛችሁት ካለ ዛሬውኑ ገልብጣችሁ እዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነጭ ዱቄት ያወጣውን ከጤነኞቹ ለዩት። እኔ የተረፉኝን 13ቱን ቀለማቸውን እያስለቀቅኩ ነው፤ እስካሁን የአራቱ ብረት ንጹህ ሆኖ ወጥቷል።