ጎንደር ላይ የተወጋሁት የከንፈር ፊለር፦ ከ5 ኮከብ 1

የውበት ሳሎኑን በስም አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ቤት ቆንጆ ነው እሱን አልክድም፣ ነጭ በነጭ፣ መስታወቱ ዙሪያውን መብራት፣ ቡና በፈንዲሻ ሁሉ ያቀርባሉ። 2 ዓመት ደንበኛቸው ነበርኩ፣ ሹሩባ ላይ እጇ የተባረከ ልጅ አለቻቸው፣ ለሹሩባ አሁንም ሂዱ እላለሁ። የኔ ጣጣ የመጣው ከመርፌው፣ ከንፈር ለመሙላት ከሚወጋው ፊለር ነው።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር፣ እኔ ሞኟ ሰርጉ 4 ቀን ሲቀረው ሄጄ ከንፈሬን ትንሽ ሞላ አርጉልኝ አልኩ። "1 ሚሊ ነው የኔ ቆንጆ፣ 20 ደቂቃም አይፈጅ" አለችኝ የምትወጋዋ። አለርጂ አለብሽ ወይ፣ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ፣ ምንም ጥያቄ የለም። ማደንዘዣ ክሬም ቀባችኝ፣ ሲሪንጁ ከካርቶኑ ወጥቶ ትሪ ላይ ነበር የጠበቀኝ። ብራንዱን ልጠይቅ ስል አፌ ደንዝዟል፣ በቃ ተውኩት። 14,000 ብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ሚባል ነገር የለም።

ትንሽ ማበጥና መበለዝ ያለ ነው፣ 2 3 ቀን ቆይቶ ይረጋጋል፣ እሱን አውቄ ነው የገባሁበት። የኔ ግን ገና ማራኪ ሳልደርስ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ማሳከክ ጀመረኝ፣ ማታ ላይ ከንፈሬ ንብ የነደፈው መሰለ፣ ሽፍታው ጉንጬን አልፎ አንገቴ ድረስ ወርዶ ሳማ እንደለበለበው ሰው ቀይ ቀይ እብጠት ሆነ። ደወልኩ። "ኖርማል ነው ሆዴ፣ በረዶ ያዥበት።" ፎቶ ላኩ፣ አይተውታል፣ መልስ የለም።

ሰፈራችን ፋርማሲ ያሉት አባት የተሻሉ ሆኑ። ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ ክኒን ሰጡኝና "ልጄ፣ ምላስሽ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ይሄን ክኒን አምነሽ እንዳትቀመጭ፣ ቀጥታ ሆስፒታል" አሉኝ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ድምፄ ጎርነን ሲል፣ ጉሮሮዬ ሲጠብ፣ ወንድሜ ይዞኝ ኢመርጀንሲ በረረ። ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጉኝ፣ እስኪነጋ እዛው አቆዩኝ።

ጠዋት ያየችኝ የቆዳ ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምንድነው የተወጋሽው?" ነበር። ፊለር አልኩ። "ምን ፊለር?" ዝም። ሼም ያዘኝ እኮ፣ ጫማ ስገዛ እንኳን ስንቴ ነው ገልብጬ የማየው! ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው የፊለር ዓይነት ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ኢንዛይም ማሟሟት ይቻላል፣ ሲሊኮን ከሆነ ግን የሚያሟሟው ነገር የለም። ደሞ ብዙዎቹ ፊለሮች ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ተቀላቅሎባቸው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ያስቆጣኝ ጄሉ ይሁን ማደንዘዣው ይሁን ያ ክሬም ይሁን የተወጋሁት ነገር ስሙ ሳይታወቅ እንዴት ይለያል። ከዛ "ንብ ነድፎሽ አብጠሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር፣ ለካ የንብ መርዝ ውስጥም ሃያሉሮኒዴዝ አለ፣ ንብ የሚያስቆጣው ሰው ማሟሟቻው ራሱ ሊያስቆጣው ይችላል። እማዬ ከጎን ሆና "ደምቢያ አያትሽ ቤት ፊትሽ ቅል አክሎ የለ እንዴ!" አለች። ማሟሟቱም በዚሁ ቆመ፣ መጀመሪያ ካርቶኑ ይምጣ ተባለ።

ወንድሜ ሄደ። "ጥለነዋል።" ስሙስ? "የኮሪያ ነው፣ ምርጥ ነው።" በቃ ይሄው ነው መልሳቸው! ደህና ፊለር ሲሆን የባች ቁጥሩ (የየትኛው ምርት ዙር እንደሆነ የሚለይበት) የተጻፈበት ስቲከር አብሮ ይመጣል፣ አንዱ ፋይል ላይ ተለጥፎ አንዱ ለተወጋው ሰው ይሰጣል፣ እኔ መኖሩንም ያወቅኩት ያኔ ነው። ብሩን መልሱ ስንላቸው ነፃ ፌሻል እንስጣት አሉ። ፌሻል! ይባስ ብለው አሁን ያለ መርፌ በግፊት የሚያስገባ ብዕር አምጥተናል፣ እሱ አለርጂ የለውም ብለው ለወንድሜ አስረዱት። ያ ብዕር የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጅ 2021 አትጠቀሙበት ብሎ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው፣ የሚያስገባውም ያንኑ ጄል ስለሆነ አለርጂ የለውም የሚለው ከየት እንደመጣ እነሱ ይወቁ።

ሰርጉን በነጠላ አፌን ሸፍኜ አሳለፍኩት፣ የሙሽራው ወገን ጨዋነቷ ሲያስቀና ብለው አመሰገኑኝ አሉ። ሽፍታው በሳምንት ጠፋ። አለቀ ስል ደግሞ የካቲት ላይ ጉንፋን ያዘኝና የታችኛው ከንፈሬ ውስጥ ሽምብራ የሚያክል ጓጎላ ወጣ። ሐኪሟ ፊለር ሳምንታት ቆይቶም፣ በተለይ ጉንፋን ነገር ሲይዝ፣ እንዲህ ሊቆጣ ይችላል አለችኝ፣ አሁንም የምትጠይቀኝ ያንኑ ካርቶን ነው።

ጥር አጋማሽ ላይ ፒያሳ አካባቢ የተወጋችሁና ካርቶኑን ወይ ሲሪንጁን በአጋጣሚ ፎቶ ያነሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ፣ ምናልባት የአንድ ቤት ሰዎች እንሆናለን። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።